በጣና ላይ ገመዱን የፈቱት የአቶ ለሜሳ ደበላ ዜና ሕይወት

አቶ ለሜሳ ደበላ ከአባታቸው ከአቶ ደበላ ጉተማ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ በዻቱ ኢርኮ፣ ዛሬ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በቆመበት፣ ያኔ የጤፍ ማሳ በነበረው መሬት፣ በ1945 ዓ.ም. ተወለዱ። አቃቂ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ ቃሊቲ ጋራዥ ገብተው የሞተር ሙያ ከቀሰሙ በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. ወደ ጣና ሐይቅ ሄደው በአንዲት ጎታች ጀልባ ላይ ተቀጠሩ።

ታናሽ ወንድማቸውን ሳህሌን ወደዚያ የወሰዱትም እርሳቸው ናቸው። ይህን የማነብላችሁ እኔ ዳሲቱ የሳህሌ ልጅ ነኝ። አባቴ ይሠሩ የነበረው ከጎታቿ ኋላ ታስራ በምትጎተት፣ እህል በምትጭን ባለ ሸራ የእንጨት ጀልባ ላይ ነበር። ወንድማማቾቹ ከጀልባ ጀልባ የሚጠራሩት በአፋን ኦሮሞ ሲሆን፣ በሐይቁ ላይ ሌላ የሚሰማቸው ስላልነበረ ወሬያቸውም ሳቃቸውም የብቻቸው ነበር።

በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ከጎርጎራ ሲመለሱ ማዕበል ያዛቸው፤ አባቴም ከኋላ ጮኹ። በሞተሩ ድምፅና በነፋሱ መካከል አጎቴ የሰሙት «ሂኪ»፣ ማለትም ፍታ የሚል ቃል ነበርና፣ የምትሰጥም ጀልባ ጎታቿን ይዛ እንዳትወርድ ገመድ መፍታትም የሙያው ሕግ ስለሆነ፣ ፈቱ። የእንጨቷ ጀልባ ቋጥኝ ላይ ተሰብራ ከነአባቴ ሰጠመች። የጮኹት «ሂዺ»፣ እሰር ብለው ቢሆንስ የሚለው ጥያቄ ግን ያንኑ ዕለት ገባባቸው።

ወደ አቃቂ ተመልሰው ጋራዥ ከፈቱ፤ ወይዘሮ አሰጋሽን አግብተው ሃዊን ወለዱ፤ እናቴ ስትሞትም እኔን ከልጃቸው ሳይለዩ አሳደጉኝ። በቤታችን አፋን ኦሮሞ አይነገርም ነበር፤ የአባቶቻችንን ቋንቋ የለመድነው ከጎረቤት ነው። በሠርጌ ቀን በአባቴ ቦታ ቆመው ሲመርቁኝ እንኳ የመረቁኝ በአማርኛ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ሸሽቶ የጀልባዋ አጽም ብቅ ማለቱን ሲሰሙ፣ ለማንም ሳይናገሩ ሄዱ። ገመዱ የሚያያዝበት ሰንሰለት በእንጨቷ ጀልባ ፊተኛ ምሰሶ ላይ ሁልጊዜ የሚጠመጠመው ሁለት ዙር ነው፤ እርሳቸው አራት ዙር አገኙ። አባቴ በማዕበሉ ውስጥ ሆነው እያጠበቁ ነበር። እሰር ነበር ያሉት።

ይህን ለሃያ ሁለት ዓመት ብቻቸውን ይዘው ኖሩ። ባለፈው ወር የሳንባ ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታቸው አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠውኝ ሁሉንም ነገሩኝ፤ በዚህ ጽሑፍ እንዲነበብ አደራ አሉኝ፤ ይቅርታም ጠየቁኝ። አሳዳጊዬ ናቸው፤ የአባቴ ሞትም በእጃቸው ነው። እስከ እሑድ ጊዜ ይስጡኝ ብዬ ወጣሁ። በዚያው ሳምንት ዓርብ ጠዋት በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አሰጋሽን፣ ልጃቸውን ሃዊን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም እሑድ ቢደርስ ምን እንደምመልስላቸው ዛሬም የማላውቀውን እኔን ትተውን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እኔ የነፈግኋቸውን ይቅርታ እርሱ አይንፈጋቸው።