የተመረቀው ምንሽር

ይድረስ ለውድ አክስቴ ለእቴቴ ዋጋነሽ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሕፈቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጣልያን ገብቶ ትምህርት ቤታችን ሲዘጋ አራተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ የምለየው በግምት ነው። ፊደሎቼ ከሰርግ እንደሚመለሱ ሰዎች እርስ በርስ ቢደጋገፉ ለሚያነብልዎ ሰው አዝናለሁ። የሚያነቡልዎ መቼም ባለቤትዎ ጋሼ ናቸው። ጋሼ፣ እባክዎ መስመር ሳይዘሉ ያንብቡላቸው። እቴቴ ፊደል ባይቆጥሩም የተዘለለ ነገር ይሰማቸዋል።

እዚህ ኮልፌ ዝናቡ አልቆም ብሏል። ጭቃው የሰው ጫማ እየነጠቀ ነው። እማዬ ጎመኗን በረዶ መታባትና ሁለት ቀን ከሰማይ ጋር ተኳርፋ ሰነበተች። ነጋዴዋ ሃጂራ ይህን ወረቀት የምታመጣልዎ በርበሬ ከረጢት ውስጥ ቀብራ ነው። ኬላው ላይ ያለው ወታደር ሽንኩርቷን ይበትናል፣ ቅቤዋን በሳንጃ ይወጋል፤ በርበሬው ጋ ሲደርስ ግን ያስነጥሰውና "ቪያ! ቪያ!"፣ ሂጂ ማለቱ ነው፣ ብሎ ያሳልፋታል። እና ሲነበብ አንዳችሁን ቢያቃጥላችሁ ከወረቀቱ ነው... ከጽሑፉ አይደለም። ስትጨርሱ ምድጃ ውስጥ ይግባ።

እስቲ ደግሞ ስለ አንድ ትልቅ ሰው ላጫውትዎ። ስማቸውን አልጠራም፤ ከልጅ አፍ የትልቅ ሰው ስም አያምርም። ብጠራውም የሚያውቋቸው አይመስለኝም። ባለፈው እሑድ እኛ ቤት መጥተው ነበር። ጥቁር ካባ ለብሰዋል፤ ትከሻው ላይ የተቀደደው በቀይ ክር ተሰፍቷል። እርስዎ የጋሼን ካባ በቀይ ክር ሲሰፉ "ጥቁር ክር ከገበያ ጠፍቶ ነው" ብለውኝ አልነበር? ለካ እውነትዎን ነው፤ በየቤቱ ጠፍቷል! እማዬም ሲገቡ አይታ "የእህቴ ባ..." ብላ ጀመረችና ዋጠችው። ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የመጡት ጠመንጃ ሊመርጡ ነው። ለማን ቢሉ፣ እርስዎ በጀርባዎ አዝለው ላሳደጉት ለወንድሜ ለገረሱ። ቀኑን አልጽፍም፤ ሃጂራ ከእናንተ ዘንድ በተመለሰች ማግስት እንደሆነ ብቻ ይወቁ። የጫካ ሰዎቻችን ቁስለኞቻቸውን በቃሬዛ ይዘው ወንዙን ይሻገራሉ። ከመሻገሪያው በላይ ምሽግ አለ፤ ምሽጉ ላይ መትረየስ አለ፤ ከመትረየሱ ኋላ አንድ ሰው ተቀምጧል። ገረሱ ከወዲህ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተኝቶ ያንን ሰው መጣል አለበት። ከዚያ ርቀት ሰው የሚያክለው ጣት ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ካገኘችው ሁሉም ያልፋል። ከሳተችው... የገረሱን መተኛ ለመትረየሱ በጣት እንደማሳየት ነው። ሌላ ጥይት የሚያጎርስበት ጊዜ የለም።

እኒያ ትልቅ ሰው ታዲያ ጠመንጃ ያውቃሉ። ማን መስክሮላቸው ቢሉ እኔ አልሰማሁም፤ ራሳቸው ናቸው የነገሩን። ደግሞስ ከራስ የቀረበ ምስክር ከየት ይመጣል?

ሁለት ጠመንጃ ቀረበላቸው። አንደኛው ቤልጅግ ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ ታስሯል፤ ማንገቻው የአህያ መጫኛ ገመድ ነው። ሁለተኛው ምንሽር ነው። ምን ልበልዎ እቴቴ፣ ሙሽራ ነው! እንጨቱ በናስ ተለብጧል፣ አንገቱ ላይ የብር ቀለበት አለው፣ ማንገቻው ባሕር አረብ የሚሉት ቀይ ቆዳ ነው። በአመድ ሲታሽ የኖረ ብረት መሆኑን እንኳ ያስታውቃል፤ መልክዎን ያዩበታል።

እሳቸውም ቤልጅጉን በእግራቸው ገፋ አድርገው "ይኼን ለእናቱ ስጧት፣ ገንፎ ታገንፋበት" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ገረሱም ሳቀ፣ ልጅ አይደል? ከዚያ ምንሽሩን አነሡና "ይኼ ዘር ያለው ነው!" አሉ። "ፊታውራሪው አንበሳ የጣሉበት ነው። ከዚህ እስከ መናገሻ ይኼ ያልተተኮሰበት ሰርግ የለም፣ ይኼ ያላጓራበት ለቅሶ የለም!"

እውነታቸውን ነው። ግን ይኸው ነገር ነው ገረሱን እንቅልፍ የነሳው። በየሰርጉና በየለቅሶው ሲተኮስበት የኖረ ብረት ውስጡ እንደ አሮጌ ወፍጮ ይላላል፣ ጥይቱን ጨብጦ አይልክም፣ እንዲሁ ይለቀዋል ይላል። አንበሳውንም ፊታውራሪው የገደሉት ከቅርብ ሆነው ነው፣ ያኔም ጠመንጃው ወጣት ነበር ይላል። አይፍረዱበት እቴቴ፣ ገረሱ ምን ያውቃል? የሚያውቀው መተኮስ ብቻ ነው። መፎከር ገና አልተማረም።

ጣልያን ለመንገዱ ብሎ ድንጋዩን በድማሚት ሲያፈርስ ጠብቆ፣ በዚያ ጩኸት ተከልሎ ሁለቱንም ሞከራቸው። ከሸለቆው ማዶ ቅል ሰቀለ። ጥይቱን ከአንድ ሳጥን አወጣ፤ አፈር የሞላ ከረጢት ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ተኮሰ። የምንሽሩ ጥይቶች ርስት ሲካፈሉ እንደ ተጣሉ ወንድማማቾች በየፊናቸው ሄዱ። አንዷማ የጎረቤታችንን የጭራሮ ክምር ነው ያገኘችው። የዚያ የገንፎ ማማሰያ፣ የቤልጅጉ ጥይቶች ግን አንዱ ባለፈበት ቀዳዳ ሌላውም ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ቅሉን እኔው ነኝ ያነሣሁት። እማዬ አሁን ባቄላ ታጠልልበታለች።

"ታዲያ ቤልጅጉን አይዝም ወይ?" ይሉኝ ይሆናል። እንዴት ተደርጎ! እሳቸው እኮ ምንሽሩን በቅቤ ቀብተው፣ አፈሙዙ ላይ "እንትፍ፣ እንትፍ" ብለው መርቀው በእጁ አስይዘውታል። ገረሱም ተንበርክኮ ስሞታል። ትልቅ ሰው መርቆ ያስያዘውን መሣሪያ ጎረምሳ "ይቅርብኝ" ብሎ ጥግ አያስደግፍም። ምርቃት የናቀ ሰው ጥይቱ ወደ ራሱ ይመለሳል ሲባል ነው ያደግነው። ገረሱም ሞቱን እንጂ ያን ነገር አይደፍርም። የመረቀው አፍ ራሱ "ፈትቼልሃለሁ" ካላለ በቀር ሌላ መላ የለውም።

በአማላጅ ለስለስ አድርጎ አስነግሯቸው ነበር። ምን ብለው መለሱ መሰልዎ? "ጠመንጃ አይስትም፣ የሚስት ተኳሽ ነው።" እንዴት ያለ አነጋገር ነው እቴቴ! እኔማ በልቤ ያዝኩት። ተኳሹ ሌላ ሰው ሲሆን እንዲህ ያለ ቃል እንዴት አፍ ላይ ይጣፍጣል! በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ፣ ይባላል። እዚህ ግን ሣሩን ያየው ሌላ... ገደሉ አፋፍ ላይ የሚተኛው ሌላ።

እኔ ይህን ሁሉ የማወራው እርስዎን ለማስጨነቅ አይደለም። እርስዎ ብልህ ነዎት። እንዲያው በአጋጣሚ እንዲህ ያለ ሰው ቢያጋጥምዎ፣ ወጥ ጨለፍ አድርገው ሲያቀርቡለት "ያን ልጅ ፍታው፤ ያዘልኩት ጀርባዬ ገና አልቀዘቀዘም" ቢሉት ምን ይጎዳል? ሃጂራ ስትመለስ አንዲት ቃል ይዛ ብትመጣ ይበቃል። ምክንያትም አያስፈልግም። "ቤልጅጉን በሕልሜ ተገልጦልኝ አየሁት" እሳቸው ቢሉ እንኳ እናምናለን! ክብራቸው ከነካባው ይተርፋል፤ ወንድሜም ይተርፋል። ሁለት ነገር በአንድ ቃል የሚያተርፍ ነጋዴ መርካቶም አይገኝ።

ቃሉ ባይመጣስ? ባይመጣማ ምን እላለሁ፤ ያውቁኝ የለም? ዓይናፋር ነኝ። ሰው ፊት ስቆም ስሜን እረሳለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ... የገባው ግን የት ይሄዳል? ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት እኛ ቤት ተሰብስበው ጠላ ይጠጣሉ፤ ቀጂዋ እኔ ነኝ። ስቀዳም አንዱ መቼም "አንቺ ጉዲቱ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ አንድ ነገር ብትናገሪ?" ማለቱ አይቀርም። ሁልጊዜ ይላሉ፤ ሁልጊዜም አልመልስም። እስካሁን ድረስ ማለቴ ነው።

እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ። ለእርስዎና... መቼም ለሚያነብልዎ።

ያን እሑድ ለእንግዳው እጅ ላስታጥብ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። ሰው ሁሉ በፊታቸው በኩል ነው፤ እኔ አፍሬ ከኋላ፣ ከሰደፉ በኩል። ጠመንጃ የሚመርጥ ሰው የኋላ መዝጊያ ብረቱን አውጥቶ በአፈሙዙ በኩል ሲያይ ከወዲያ ሰማዩ ይታየዋል። የብረቱ ውስጥ መበላቱና አለመበላቱ የሚለየው በዚያ ነው። ይህን ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። እሳቸውም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሌላውን አፈሙዙ ላይ ደቅነው ብዙ ቆዩ።   ከዚያ ቀና ብለው "ንጹሕ ነው! ከዳር እስከ ዳር እንደ ቀትር ፀሐይ ያበራል!" አሉ። ሰው ሁሉ "እሰይ!" አለ። ወንድሜም ተንበረከከ።

መዝጊያው አልተከፈተም ነበር እቴቴ። እኔ በቆምኩበት በኩል ጥርቅም እንዳለ ነበር።

ለገረሱም አልነገርኩት፣ ለእማዬም አልነገርኳት። ለጠላ ጠጪዎቹም ገና አልነገርኳቸውም።

በሉ ደህና ይሰንብቱልኝ። እኒያንም ትልቅ ሰው እግዚአብሔር በዕድሜ በጤና ያኑርልን፤ በተዘጋ ብረት ውስጥ ያዩትን ያንን ብርሃን፣ በዚህ በጨለመ ዘመን ለሀገሩ ሁሉ ያሳይልን።