አላውቅም ያልኩ ዕለት

በእኛ ጊዜ አስተማሪ ማለት የሚያስጽፍ ሰው ነው፣ ገባችሁ? ቆሞ ያነባል፣ ልጁ ይጽፋል፣ ደወል ይደወላል፣ አለቀ። ጥያቄ የሚባል ነገር የለም፤ ቢኖርም የሚጠይቀው አስተማሪው ነው፣ እሱንም ለፈተና ነው። እና አሁን ሐናንዬ፣ ሕግ ተመርቀሽ ስለመጣሽ ነው መሰለኝ፣ "እትዬ ዘነበች፣ ዕድሜዎን ሙሉ የጦር መሣሪያ ሕግ ላይ ምን አቆየዎት?" ስትይኝ ሳቄ መጣ። ያቆየችኝ አንዲት ጥያቄ ናት፣ የጠየቁኝም አማቴ ናቸው። ኮረም እስኪሞላ ልንገራችሁ፤ የዚህ ሕንፃ ሰው እንደሆነ ለስብሰባ ሲጠሩት ቶሎ አይወርድም። አቶ ግርማ፣ ወንበርዎን ወደ ጥላው ሳብ ያድርጉት፣ ፀሐይዋ መጣችብዎ።

እኔ እዚሁ ጌጃ ሰፈር ነው የተወለድኩት፣ አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሕግ ስማር ሁሉም ሰው ልደታ ፍርድ ቤት ቆሜ ባልና ሚስት የማፋታ ነበር የመሰለው። ታዲያ እኔ ውጭ አገር ተልኬ ዶክትሬቴን ይዤ የመጣሁት በምን ሆኖ ነው? በጦርነት ላይ የትኛው መሣሪያ ይፈቀዳል፣ የትኛው ይከለከላል በሚለው። አባቴ የስፌት መኪናውን እየረገጠ "ሰው መግደል ከተፈቀደ ወዲያ ደግሞ ምኑ ነው የሚከለከለው?" አለኝ። እኔም ቁጭ ብዬ፣ አባዬ መርዝ ጋዝ ክልክል ነው፣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚፈነዳ ጥይት ክልክል ነው፣ ሲቪሉን መምታት ክልክል ነው እያልኩ ዘረዘርኩለት። ክሩን በጥርሱ በጠሰና "እንግዲያው ጨዋ ጦርነት በያ" አለኝ። እሱ እንደዚህ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

ከዚያ መስፍን መጣ። መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፣ ዝምተኛ፣ ቁም ነገረኛ። ተስማማን፣ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። አባቱ የሞቱት ልጅ ሳለ ነው፣ ያሳደጉት እናቱ ናቸው፣ እማማ ብርቄ፣ ተክለ ሃይማኖት ጨርቅ ይነግዱ ነበር። እና ያለ እሳቸው ፈቃድ ሽማግሌ አይንቀሳቀስም፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ሄዶ ነገራቸው። ሲመለስ ፊቱን አየሁትና ምን ብለህ ነው የነገርካቸው አልኩት። "የተማረች ናት አልኳት፣ ምን ተማረች አለችኝ፣ የጦር መሣሪያ ታጠናለች አልኳት" አለኝ። አያችሁ ወንድ ልጅ? ሕግ የምትለዋን ዋናዋን ቃል ዋጣት!

ታዲያ እማማ ብርቄ የጎረሱትን ሳይውጡ ከገበታው ተነሡ አሉ። ለምን መሰላችሁ? መስፍን ታላቅ ወንድም ነበረው፣ ተፈራ የሚባል፣ የጭነት መኪና ረዳት። መሞቱን ነግሮኛል፣ "በመኪና ነው" ነው ያለኝ፣ እኔም ግጭት መስሎኝ። ለካ ጦርነቱ አልቆ፣ ወታደሩ ቤቱ ገብቶ፣ መንገዱ ተከፍቷል ተብሎ እህል ጭነው ሲሄዱ መኪናዋ የተቀበረ ፈንጂ ላይ ወጥታ ነው። እናትየው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከል አላወለቁም፣ ዓመቱ ቢሞላም፣ ዘመድ ቢለምንም፣ ቄስ ቢለምንም። እና ለመስፍን ምን አሉት? "ልጄን የበላውን ነገር እንጀራዋ ያደረገች ሴት ደጄን አትረግጥም።"

እኔ ምን ልበል? አለቀስኩ። መስፍንን እወደው ነበር፣ ዛሬም እወደዋለሁ፣ አሁን ፎቅ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል። እናቱን አስለቅሶ እንደማያገባኝም አውቃለሁ፣ ቢያገባኝም እኔ አልፈልግም። እና ወይ ሥራዬን ልተው፣ ወይ እሱን ልተው፣ ሌላ መንገድ አልታየኝም። ቤተሰብ ሕግ ወይም ውል ላስተምር ብዬ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ላመለክት አስቤ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ገና ጠዋት ነው፣ እያስጻፍኩ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ከእግር እስከ ራሳቸው ጥቁር የለበሱ ትልቅ ሴት ገቡ። እጅ ነሱ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ዝም። አሁን እናንተ ማን እንደሆኑ ገብቷችኋል፣ እኔ ግን አይቻቸው አላውቅም፣ ከየት ላውቃቸው? እኔም ተማሪዎቹም የመጣልን አንድ ነገር ነው፤ መርዶ።

አትሳቁ እንጂ! መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቁ የለም እንዴ? ማልዶ ነው፣ ባለ ከል ሰው መጥቶ ነው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው። "ምን ሆናችሁ መጣችሁ?" ተብሎ አይጠየቅም፣ እስኪነግሩህ ትጠብቃለህ። እና ያ ክፍል በሙሉ ደርቆ ቀረ። ማንኛችን ነን? የማን እናት? የማን አባት? ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ፣ አጠገቡ ያለችው ልጅ ክንዱን ይዛ ታባብለዋለች፣ ገና ምንም ሳይነገረው! እኔ ደግሞ አባቴ ያን ሰሞን ያስለው ነበር። አባዬ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ግን ልጠይቃቸው አልችልም፣ ነውር ነዋ። ዝም ብዬ ማስጻፌን ቀጠልኩ፣ "ወታደርን ከሰላማዊ ሰው ለይቶ የማይመታ መሣሪያ..." እያልኩ፣ የቱን እንዳነበብኩ የቱን እንዳልኩ እንጃልኝ።

ከዚያ ሴትዮዋ ነጠላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አደረጉና እጃቸውን አወጡ። ልክ እንደ ተማሪ።

"ልጄ፣ ልጠይቅ?"

"ይጠይቁ እናቴ" አልኩ።

"ጦርነቱ አለቀ። የቀበረውም ወይ ሞቷል ወይ ቤቱ ገብቷል። ከዚያ በኋላ አንድ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ልጅ እዚያ ፈንጂ ላይ ወጥቶ ቢሞት፣ የሚጠየቀው ማነው?"

እናንተ፣ የጨነቀኝን ያህል ደስ አለኝ። መርዶ አይደለማ! አባቴ አልሞተም! እና ወዲያው ያ የአስተማሪ ድምፄ ተመለሰልኝ፣ "ይህ ጥያቄ በሦስት ተከፍሎ ይታያል፤ አንደኛ የቀበረው ወገን ቦታውን የመመዝገብ ግዴታ፣ ሁለተኛ..." ስል እስክሪብቶው ሁሉ ወረቀት ላይ ወረደ። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሱን አይደለም ልጄ። ሰውየውን ነው የምጠይቅሽ። ስሙን።"

ያኔ ነው ያየኋቸው። ፊታቸውን አየሁት። የሞተባቸው ሴት ናቸው፣ መርዶ ሊያረዱ ሳይሆን እሳቸው ራሳቸው የተረዱ ናቸው። እና ያ ሁለተኛና ሦስተኛ የምለው ነገር አፌ ላይ ቀረ። የተማርኩት ሁሉ እኮ አለ፣ ውሉ አለ፣ አንቀጹ አለ፣ ስም ግን የለም። ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

"አላውቅም እናቴ" አልኳቸው።

"ሕጉስ ያውቃል?"

"ሕጉም አያውቅም። እስካሁን።"

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እጅ ነስተው ወጡ። የሚሰማው የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነው። ምን እያደረጉ መሰላችሁ? ጻፉት! "አላውቅም፤ ሕጉም አያውቅም፤ እስካሁን" ብለው ጻፉት። ከአስተማሪ አፍ የወጣ ነገር ሁሉ ይጻፋል ብያችሁ የለ? በፈተናውም ላይ ስለ ፈንጂ ተጠያቂነት ጠይቄ አንዱ "መምህርቷ አያውቁም" ብሎ መልሶልኛል፣ ምን ላድርግ፣ ሙሉ ሰጠሁት፣ እኔው ነኝ ያስጻፍኩት።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን ሰምቶ ጠራኝ። ደግ ሰው ነበር፣ ግን ክብር ይወዳል። "ዶክተር ዘነበች፣ አላውቅም የሚባለው ለተማሪ አይደለም፣ ለእኛ ትነግሪናለሽ፣ እኛ በኮሚቴ እንነጋገርበታለን" አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ውል ላስተምር ብዬ የማመልከቱን ነገር ግን ሳላነሣው ወጣሁ። ለምን እንደተውኩት ያኔ ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም ነበር፤ የዚያች ሴትዮ ጥያቄ አልለቀኝም ነበር፣ ያ ነው። የመስፍን እናት ይሆናሉ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም፤ ደጄን አትረግጥም ያሉ ሴት የእኔን ደጅ ይረግጣሉ ብሎ ማን ያስባል?

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ እሑድ አባቴ ቤት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ተቀመጡ ሲላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ፣ እንደ ደንቡ። እሱም ምንም እንዳላወቀ ሆኖ ምን ልርዳችሁ አለ፣ እንደ ደንቡ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። እኔ ጆሮዬን አላመንኩትም፣ እናትየው እንዴት ፈቀዱ? አባቴም ጠርጥሯል፣ እንዲያው ይጠይቃል፣ "እናትየዋ ሥራዋን አልወደዱትም ሲባል ሰማሁ፣ እንድትተው ነው እንዴ የምትጠይቁት?" አላቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና "እንደሱ አይደለም፤ እንዲያውም እናትየዋ አንድ ቃል አስይዘውናል፣ ሥራዋን እንዳትተው ብለዋል" አለ። አባቴ ግራ ገብቶት ሌሎቹን ሁለቱን ያያቸዋል። በሽምግልና ልጅቷ ሥራ ታቁም ሲባል እንጂ አታቁም ሲባል ሰምቶ አያውቅማ! ቀጠሮ እንኳ ሳይሰጥ ተቀመጡ አላቸው፣ ደንቡን ሁሉ ረሳው።

የቀለበቱ ዕለት እማማ ብርቄ ነጭ ለብሰው መጡ። ዘመድ አዝማዱ ከል ማውለቃቸውን አይቶ ያለቅሳል፣ እኔ የማያቸው ፊታቸውን ነው፣ የት ነው የማውቃቸው እላለሁ። ጉንጬን ስመው ጆሮዬ ላይ "ያን ዕለት ተማሪዎችሽን አስደነገጥኳቸው አይደል?" ሲሉኝ ድምፃቸውን ለየሁት። ምን እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። ለካ መስፍን የት እንደማስተምር፣ በየትኛው ሰዓት እንደምገባ አንድ በአንድ ተጠይቆ ኖሯል፣ ለእኔ ግን አልተነፈሰም። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የጨርቁን ጀርባ ሳይገለብጡ አይገዙም ነበር፣ እኔንም እንደዚያ ነው ያዩኝ።

ከዚያ ወዲያማ ዕድሜዬ በዚሁ አለቀ። ፈንጂውን ለማገድ ዓለም ሲሰበሰብ ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ፈንጂው ቀረት ሲል ሰው የሌለበት አውሮፕላን መጣ፣ ድሮን የምትሉት። ቀጥሎ ደግሞ ማንን እንደሚመታ ራሱ የሚመርጥ መሣሪያ መጣ። ጄኔቫ ላይ መሐንዲሶቹ ስክሪን ላይ እያሳዩ ይህ ማሽን ከወታደር ይሻላል፣ አይቆጣም፣ አይደክምም ይላሉ። እኔ እነሳና ሲሳሳት የሚጠየቀው ማነው እላለሁ፣ "ሲስተሙ" ይላሉ፣ ስሙን እላለሁ። ያቺ ሴትዮ መጣች እያሉ ይሸሹኝ ነበር። አሁን ተማሪዎቼ ዳኛ ናቸው፣ መኮንን ናቸው፣ እነሱም ስሙን እያሉ ያስቸግራሉ አሉ። ደስ ይለኛል። ሙሉ መልስ አላገኘሁም፣ ግማሽ አግኝቻለሁ፣ ለአንድ ሰው ዕድሜ አይከፋም።

እማማ ብርቄ እስኪሞቱ ከእኛ ጋር ነው የኖሩት፣ እዚሁ ልደታ። ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው፣ ስብሰባ ስሄድ ሻንጣዬን የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ፀጉሬን እየሠሩኝ ጠየቅኳቸው። እማማ፣ እንደዚያ ጠልተውኝ ምኔን አይተው ፈቀዱ አልኳቸው። ያሉኝ እንዲህ ነው፦

"ተፈራ ሲሞት ለቅሶዬን የደረሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። አንዱ እግዜር ስለወደደው ነው ይለኛል፣ አንዱ ዕድሉ ነው፣ አንዱ ሾፌሩ ነው፣ አንዱ እነ እንትና ናቸው። ሁሉም አወቀልኝ፣ አወቁልኝና ነገሩን ዘግተውት ወደየቤታቸው ሄዱ። አንቺ ያን ሁሉ ተምረሽ፣ ያ ሁሉ ልጅ እያየሽ፣ አላውቅም ስትዪኝ የልጄን ነገር ያልዘጋ አንድ ሰው አገኘሁ አልኩ። ቤቴ ሄጄ በጣም አለቀስኩ፣ ከዚያ ከሌን አወለቅኩት።"

ይኸው ነው። ሐናንዬ፣ ያቆየኝ እሱ ነው። አቶ ግርማ፣ እርስዎ ምነው አቀረቀሩ?

አቶ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉትና "ምን ልበል እትዬ ዘነበች፣ የሰፈሩን ለቅሶ አንድም ሳላስቀር ደርሻለሁ፣ በየቤቱም ዕድሉ ነው እያልኩ ሳውቅ ነው የኖርኩት" ሲሉ ዙሪያቸውን ተቀምጠን ስንሰማ የነበርን ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸው ግን አልሳቁም።