ከትከሻ በላይ

በስደት አገር፣ ከዌሪቢ ሰፈር ወደ ከተማ በሚሄደው ባቡር ውስጥ፣ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ ፊዚዮቴራፒ የሚማር ወጣት አጠገቡ ለተቀመጡት እናት ያስረዳል።

«ጉልበት እንደ በር ማጠፊያ ነው፣ እትዬ፤ ከመታጠፍና ከመዘርጋት ሌላ ብዙ አይችልም። ትከሻ ግን እንደ ኳስ ስለሆነ በሁሉም በኩል ይዞራል።»

«የኔማ ደርቆ ቀረ።»

«እስቲ ቀኝዎን ያንሱት።»

«ይኸው፤ ከዚህ አያልፍም።»

«ምን ላይ ነው በጣም የሚያስቸግርዎት? ልብስ ሲለብሱ?»

«እሱንስ ልጄ ታግዘኛለች። የቸገረኝ የወንድሜ መርዶ በስልክ የመጣብኝ ቀን ነው።»

«እግዜር ያጽናዎት። እርስዎስ ያን ቀን ምን ሆኑ?»

«ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ልጮህ ስል ቀኙ እምቢ አለኝ። በግራዬ ብቻ ራሴን ይዤ ስጮህ ልጄ ከክፍሏ ሮጣ ወጣች።»

«አብራዎት አለቀሰች?»

«እዚህ የተወለደች ልጅ፣ ምን ታውቃለች? ‹ማሚ፣ ትከሻሽን አመመሽ?› ብላ ሕመም ላይ የሚያዝ በረዶ፣ አይስ ፓክ የሚሉትን፣ አመጣችልኝ።»

«አልነገሯትም?»

«በኋላ ነገርኳት። ያን ጊዜ ግን አይስ ፓኩን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ ወንድሜን አለቀስኩት።»

የምወርድበት ጣቢያ ሲደርስ ተነሳሁና፣ ከላይ ያለውን መያዣ ልጨብጥ ከአናቴ በላይ የዘረጋሁትን እጄን፣ እናትየውን አይቼ መልሼ አወረድኩት።