በጉም ውስጥ ያየሁት ጅብ

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እታገኝ ወልደ አማኑኤል
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ግብርና
አድራሻ፦ ሰሜን ሸዋ፣ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር የተጎጂው የአባይነህ ወልደ አማኑኤል ታላቅ እህት ነኝ። ተጠርጣሪው አቶ ቅጣው ገብረየሱስ ጎረቤታችን ነው። ከወንድሜ ጋር በእርሻ ወሰን ምክንያት ተኳርፈው የኖሩ መሆናቸውን አልክድም።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ነሐሴ 17 ቀን ጠዋት፣ ጉሙ እጅግ ከመክበዱ የተነሳ ከደጄ ያለው ባሕር ዛፍ እንኳ አይታይም ነበር። በዚያው ሳምንት ጅብ ከእኔም ከአቶ ቅጣውም ጋጣ በግ ወስዶብን ስለነበር ሰው ሁሉ ሰግቶ ነበር። ከግጦሹ በኩል በግ ተጨንቃ ስትጮህ ሰምቼ ወጣሁ። አቶ ቅጣውም ድምፁን ሰምቶ ወጥቶ ነበርና አብረን ሄድን። ከፊታችን በበጓ ላይ ያጎነበሰ ጥቁር ነገር አየን። ያየሁት ጅብ ነው። ከጥጃ ይበልጣል፤ ትከሻው ከፍ፣ ዳሌው ዝቅ ያለ፣ ጆሮው የቆመ። ክርፋቱ ሳይቀር ሸቶኛል። "ጅብ! ጅብ!" ብዬ መጀመሪያ የጮህኩት እኔ ነኝ። አቶ ቅጣውም እየጮኸ ድንጋይ ወረወረ። አውሬው አልሸሸም፤ ይልቁንም በጓ ላይ ተደፋ። ሁለተኛው ድንጋይ ሲያርፍ "ኧረ በማርያም!" የሚል የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ስደርስ አባይነህ ጥቁር የበግ ጠጉር ባናውን እንደተከናነበ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ፣ ምጥ ከያዛት የራሱ በግ አጠገብ ወድቋል። አቶ ቅጣው "ምን አደረግሁ! ምን አደረግሁ!" እያለ ጋቢውን ቀዶ ቁስሉን አሰረ፤ አዝሎም ጤና ጣቢያ አደረሰው።

መርማሪው "ሰው ላይ የቆመ ጆሮ እንዴት አዩ?" ብለው ጠይቀውኛል። ባናውን አገላብጬ አይቻለሁ፤ ጆሮ የሚመስል ነገር የለበትም። ጅብ ነው ብዬ ከቆረጥኩ በኋላ የጎደለውን ዓይኔ ራሱ ሞላው፤ አፍንጫዬም እንዲሁ። በሌላ ቀን ወንድሜን ከወንዝ ማዶ በአረማመዱ እለየዋለሁ። እኔ እህቱ ያልለየሁትን ቅጣው ለይቶታል ማለት አልችልም።

ቃሌን ልሰጥ ስመጣ አጎታችን አቶ መርስዔ ኃዘን መንገድ ላይ አግኝተውኝ "የወንድምሽን ደም ደመ ከልብ አታድርጊው፤ ዐውቆ ነው በይ" ብለውኛል። "አጎቴ፣ የእናቴን ልጅ እወደዋለሁ፤ ያላየሁትን ግን አይቻለሁ አልልለትም" አልኳቸው።

አባይነህን በተኛበት ጠይቄው "ጅብ ስትሉ ከኋላዬ የመጣ መስሎኝ በጓን በሰውነቴ ከለልኳት" ብሎኛል። አውሬው ያልሸሸው ለዚህ ነበር። ለቅጣው እንደምመሰክር ስነግረው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እስከ ዛሬም አያናግረኝም። ቁስሉ እየዳነ ነው። ኩርፊያውም ይድናል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። "ጅብ መሰለኝ" ተብሎ የተጻፈው እኔ ያልኩት ስላልሆነ "ጅብ አየሁ" ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት እውነት መሆኑን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር አሻራ፦ እታገኝ ወልደ አማኑኤል
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ትዕዛዙ ኃይለመስቀል (ፊርማ)