የግንዲላ ካልሲየም

ሽማግሌው አናጢ ተራቸው ሲደርስ ባርኔጣቸውን አውልቀው የፋርማሲው ባንኮኒ ላይ አኖሩና፣ «ካልሲየም ፈልጌ ነበር፤ በዛ አድርጊልኝ» አሉ።

«ለማን ነው አባባ? ለነፍሰ ጡር ነው ወይስ ለራስዎ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ለግንዲላ ነው።»

«ግንዲላ ማን ናቸው?»

«ቡችላዬ ነዋ! አራት ወሩ ነው።»

ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀችው አንዲት ወጣት ብቻ ነበረች። ይህች ወጣት ትምህርቷን ጨርሳ በሰፈሩ የእንስሳት ክሊኒክ ከከፈተች ገና ወሯ ነው። ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና፣ «አባባ፣ ሳልጠራ በመግባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከመግዛትዎ በፊት ቡችላውን ባየው ደስ ይለኛል» አለች።

አናጢው በሰው ፊት መመከር አይወዱም። ሆኖም አንድ ነገር ከገረማቸው ሥሩን ሳያዩ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው።

«ካልሲየም ለአጥንት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«የኔ ቡችላ ደግሞ አጥንቱ ትልቅ ነው። ታዲያ ለትልቅ አጥንት ብዙ ካልሲየም ቢሰጥ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«እሱን እዚህ ቆመን ካወራን ከኋላችን ያለው ሕዝብ ይረግመናል» አለች ሐኪሟ።

አናጢው ሳቃቸው መጣ። መድኃኒቱን «ለጊዜው ይቆይልኝ» ብለው ባርኔጣቸውን አነሱና መንገድ መሩ።

የአናጢው መሥሪያ ክፍል ከመኖሪያቸው ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ግድግዳው ላይ ጣውላ ተደርድሯል፤ መሃል ላይ በር ያልተገጠመለት ቁም ሣጥን ቆሟል፤ ወለሉ ሰጋቱራ ነው። ግንዲላ ሰጋቱራው ላይ ተዘርሮ ነበር። ጌታውን ሲያይ ጅራቱን ቀድሞ ቆላ፤ ለመነሣት ግን ጊዜ ወሰደበት። መጀመሪያ የፊት አካሉን አነሣ፤ ከዚያ አርፎ ኋላውን አስከተለ። የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ዞር ብለዋል፤ አንጓዎቹ እንደ ሎሚ አብጠዋል። ሆዱ ከበሮ ያህላል።

«መዳፉን አየሽልኝ?» አሉ አናጢው በኩራት። «ይሄ ሲያድግ ጥጃ ነው የሚያክለው!»

ሐኪሟ ሰጋቱራው ላይ ተንበርክካ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ግራውን ስትጫነው ቡችላው እጇን ላሰና ቀስ ብሎ እግሩን ሳበ።

«ምን ይበላል አባባ?»

«የሚበላውማ እኔ የማልበላውን ነው! ጠዋት ወተትና ሦስት እንቁላል። ቀንም ማታም ሥጋ። ከሥጋ ሻጩ የማስፈጨውን አጥንት ደግሞ ሁለት ሁለት ማንኪያ እነሰንስለታለሁ።»

በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው በመሃል በሩ ብቅ አሉ። እንግዳዋን በአክብሮት ሰላም ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔም ረፋዱ ላይ በመረቅ የራሰ ዳቦ ጣል አደርግለታለሁ» አሉ።

«አንቺ! መቼ ነው ደግሞ እሱ?»

«አንተ ጣውላ ስትገዛ ነዋ። ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ የራበው መስሎኝ። ከሰዓትም አንድ ጊዜ...»

ሐኪሟ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «እንግዲህ ግንዲላ ሁለት ቤት ነው ያለው ማለት ነው» አለች። ቀጥላም፣ «አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህ ቡችላ የታመመው ከማነስ ሳይሆን ከመብዛት ነው።»

አናጢው ፊታቸው ተለወጠ። መዶሻቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት።

«ስሚኝ ልጄ። ከዚህ በፊት እንደሱው ትልቅ ቡችላ ነበረኝ። ምርጥ ምርጡን ሥጋ ብቻ እየሰጠሁ አሳደግሁት። በስድስት ወሩ እግሩ ቀስት ሆነ፤ አንድ ቀን ከደረጃ ወርዶ ተሰበረ። ተሸክሜው ሄጄ ብቻዬን ተመለስኩ። ያኔ ያዩት ሐኪሞች ካልሲየም አጥሮት ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ በዛበት ትይኛለሽ። ማናችሁን ልመን?»

የተማረ ሰው የሚፈተነው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ወጣቷ የሽማግሌውን ቁስል ላለመንካት ብትል ሐሰት ልትናገር ነው፤ እውነቱን በጭካኔ ብትናገር ደግሞ የሚሰማት አታገኝም። ስለዚህ ጥቂት አሰበችና ዱካ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሁለታችንንም ይመኑን። ሥጋ ብቻውን ካልሲየሙ ኢምንት ነው፤ የያኔው ቡችላ በእርግጥ አጥሮት ይሆናል። ሐኪሞቹ ልክ ነበሩ። አሁን ግን ያንን ሸሽተው ከድጡ ወደ ማጡ ገቡ።»

«የተረፈውን አያስወጣውም? እኛ የበላነውን ሁሉ አጥንታችን ላይ እንለጥፈዋለን እንዴ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ያደገ ውሻ ከሞላ ጎደል የሚበቃውን ወስዶ ሌላውን ያስወጣል። የትንሽ ቡችላ አንጀት ግን በረኛ እንደሌለው በር ነው፤ የመጣውን ካልሲየም አልቀበልም ማለት አይችልም። ያ ሁሉ ሲገባ የአጥንቱ አሠራር ይዛባል።»

«በረኛ የሌለው በር...» አሉ አናጢው ለራሳቸው። ነገሩ ጣማቸው። ቢሆንም ገና አልተሸነፉም። «እሺ፣ ካልሲየሙን ተውኩት። ምግቡንስ? ላስርበው? ትልቅ ውሻ የሚሆነው በልቶ ነው!»

«ትልቅነቱንማ ከእናት ከአባቱ ይዞት መጥቷል፤ እርስዎ አይጨምሩለትም። ምግብ ሲበዛ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው። ሥጋው ቀድሞ ይከብዳል፤ አጥንቱ ገና ለጋ ነው። ለጋው ከባዱን ተሸከም ሲባል ይጣመማል።»

አናጢው ተነሥተው ከጣውላው ክምር ሥር ሁለት ቁራጮች አወጡና ጫፍ ጫፋቸውን አሳዩዋት። በአንዱ ላይ የእድገቱ ቀለበቶች የተራራቁ ናቸው፤ በሌላው ላይ ጥፍር አያስገቡም።

«ሁለቱም ጥድ ናቸው» አሉ። «ይሄኛው ውኃ ዳር የበቀለ ነው፤ ሲጠጣ አደገ፣ ቶሎ ወፈረ። ያኛው ድንጋያማ ቦታ ላይ ቀስ ብሎ የደረሰ ነው። ለመደርደሪያ የትኛውን ትመርጫለሽ?»

«አላውቅም አባባ። የትኛውን?»

«ቀስ ብሎ ያደገውን! ውኃ ዳር ያደገው መጽሐፍ ሲጭኑበት ይጎብጣል።» ይህን ብለው ወደ ቡችላው ዞሩ፤ ቁራጩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «ውኃ ዳር ነው ያበቀልኩት ለካ» አሉ በለሆሳስ።

ባለቤታቸው፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ስለ እንጨት ስትነግረኝ ኖረህ፣ ለውሻ ሲሆን ጠፋህ?» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ሐኪሟ ሐዘኑ እንዳይጠና ቶሎ ብላ ወደ ሥራው መራቻቸው። «አባባ፣ እጅዎን ይጨብጡና የጣቶችዎን አንጓዎች በሌላው እጅዎ ይዳስሱ። የቡችላ ጎድን ሲዳሰስ እንዲህ ከቆረቆረ ከስቷል። አሁን ጣቶችዎን ዘርግተው የእጅዎን ጀርባ ይዳስሱ፤ አጥንቱ በስሱ ይታወቃል አይደል? ልኩ ይህ ነው። መዳፍዎን ይገልብጡና ከአውራ ጣትዎ ሥር ያለውን ሥጋ ይንኩት። ግንዲላ ያለው እዚህ ነው።»

አናጢው እጃቸውን እያገላበጡ ዳሰሱ፤ የቡችላውን ጎን ዳሰሱ፤ እንደገና እጃቸውን ዳሰሱ። በመጨረሻ እንደ ሕፃን ተደንቀው፣ «ሜትሩ እጄ ላይ ነበር!» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ሐኪሟም መለሰች። በትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ስም የተዘጋጀ ምግብ አለ፤ ካልሲየሙ ተለክቶ ስለገባበት ምንም አይጨመርበትም። እስከ ስድስት ወሩ በቀን ሦስት ጊዜ በልክ፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ይሰጠዋል። ቤት ውስጥ እናብስል ከተባለ ከሐኪም ጋር ተሰልቶ እንጂ በግምት አይሆንም። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚበሳ ክልክል ነው። እስኪጠነክር ድረስ ደረጃና ዝላይ ይቅር፤ ለስላሳ መሬት ላይ በራሱ ፈቃድ ይጫወት፤ ከቤት ሲወጣ ግን በማሰሪያ ይሁን።

«ይድናል?» አሉ ባለቤታቸው።

«ራጅ አንሥተን እናያለን። በጊዜ የደረስን ይመስለኛል፤ ግን ሳላይ ቃል አልገባም።»

ራጁ ተስፋ ሰጪ ሆነ። ከባዱ ሥራ የተጀመረው ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ግንዲላ ሳህኑን በአፉ ይዞ ክፍል ለክፍል ይዞር ጀመር። በሦስተኛው ቀን አናጢው ባለቤታቸውን ዳቦ እንደያዙ ከበር ኋላ ያዟቸው፤ በአምስተኛው ቀን ባለቤታቸው አናጢውን ከነጉበቱ ያዟቸው። ሁለቱም አፈሩ። ከዚያ በኋላ የምግቡን መስፈሪያ ጣሳ ምስማር ላይ ሰቀሏት፤ ያበላው ሰው ጣሳዋን አዙሮ ይሰቅላል። ጣሳዋ አፏን ወደ ግድግዳ ካዞረች፣ ግንዲላ ቢያለቅስም እንባው የአዞ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ ክሊኒክ ወስደው ያስመዝኑታል። በአንደኛው ወር እብጠቱ ጎደለ። በሦስተኛው ወር ሲነሣ አራቱም እግሮቹ እኩል ተነሡ። ግራ እግሩ ላይ ትንሽ ዞር ማለት ቀርታለች፤ የሚያውቅ ካልሆነ አያያትም።

አንባቢ ሆይ፣ የልክ ጥቅሙ እንዲህ ነው። እንስሳው ከሥቃይ ዳነ፤ ባልና ሚስቱም ለመድኃኒትና ለትርፍ ሥጋ ከመድከም ዐረፉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ የሚወዱትን ነገር በጭፍን ከመመገብ ይልቅ ጠይቀውና ዳስሰው ማሳደግን መልመዳቸው ነው።

ግንዲላ አሥራ ስምንት ወር ሲሞላው ሐኪሟ፣ «አሁን አጥንቱ ደርሷል፤ ይልቀቁት» አለች። በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከከተማው ዳር ወዳለው ሰፊ ሜዳ ይዘውት ወጡ። አናጢው ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን ፈቱ። ግንዲላ መፈታቱ አልገባውም፤ አንድ ርምጃ ሄዶ ዞር ብሎ አያቸው።

«ሂድ!» አሉት።

ሄደ። ሣሩን እየሰነጠቀ፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተኝተው፣ ከሜዳው ጫፍ ደርሶ ሰፊ ክብ ሠርቶ ተመለሰ፤ ሳይቆም አጠገባቸው አልፎ እንደገና ሄደ።

«ይሄ ሁሉ ሩጫ ውስጡ ነበር እንዴ?» አሉ ባለቤታቸው።

አናጢው የባለቤታቸውን ክንድ ያዙና ውሻው ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ ቆመው አዩት።