ጠዋት ጠዋት የምትጠጣው ፒክአፕ

ያን ቀን የትምህርት ቤት መጻሕፍት መልሼ ነበር የምመጣው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ውጤት መጠበቅ ብቻ ስለሆነ እግሬ ወደ ቤት አይቸኩልም። የዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ከሴራሚክ መሸጫው ፊት ለፊት፣ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ኮፈኗን ከፍታ እንፋሎት እየተፋች ቆማለች። ሦስት አልጋ ከነራስጌው ተጭኖባታል። "የማን ምስኪን ናት?" ብዬ ሳልጨርስ የጋሼ መሆኗን አወቅኩ።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፈርኒቸር ቤቶቹ ደጅ ቆመው በዚህችው ፒክአፕ አልጋና ቁምሳጥን ሲያመላልሱ የኖሩ፣ "እኔ አለቃ የለብኝም" ማለት የሚወዱ ሰው ናቸው። እኔን "ሬዲዮ" ነው የሚሉኝ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይታችሁ ትረዱታላችሁ።

እጃቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍቱ ሲሉ ደረስኩ።

"ጋሼ፣ አይክፈቱት!"

"ምን ሆነሻል? እባብ አየሽ?"

"ከእባብ ይብሳል። የፈላው ውሃ ፊትዎ ላይ ነው የሚገነፍለው።"

"ሃያ ሁለት ዓመት ስከፍት አንቺ የት ነበርሽ?"

"አልተወለድኩም ነበራ። ያ ክንድዎ ላይ ያለው ጠባሳስ ከየት መጣ?"

ክንዳቸውን ቶሎ እጅጌያቸው ውስጥ ሰበሰቡት። እኔም በዚያው ጨርቁን ቀማኋቸው። "ሞተሩ እስኪበርድ አንድ ሰዓት እንቀመጥ። እስከዚያ እናወራለን።"

"ወሬውንማ አታጪም" አሉና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ለነገሩ አሁን ቢፈላም ባይፈላም አንድ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ገዢ ይመጣል። ልሸጣት ነው።"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳየው ግን ቀልድ የለበትም።

"ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦባታል" አሉ። ሐኪሙ የሚሉት የሰፈራችንን መካኒክ ነው። "ጓርኒሲዮኗ ተቃጥሏል፣ ሞተሯ ካልተፈታ አትድንም ብሎኛል። እሱን የማስፈታበት አቅም ደግሞ የለኝም። የፈርኒቸር ቤቶቹ መጋዘን ጥበቃ ይፈልጋል፤ እዚያ እገባለሁ።"

ጓርኒሲዮን ማለት የሞተሩ ላይኛውና ታችኛው ክፍል ሲገጣጠም መሃሉ ላይ የምትገባ ማሸጊያ ናት። እሷ ከተቃጠለች እውነትም ጣጣ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

"ሐኪሙ ኮፈኑን ከፍቶ አየው?"

"ምን ያስከፍተዋል? ድምጿን ሰምቶ ነው ያወቀው።"

"በድምፅ! ጋሼ፣ እርስዎን ቢያስልዎትና አንዱ ከበር ላይ ሆኖ 'ልብዎ ይውጣ' ቢልዎት እሺ ይላሉ?"

"ይቺ ልጅ!" አሉ፤ ግን ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ ብልጭ አለች። "ስሚ፣ እኔ መኪናዬን በደንብ ነው የምይዛት። ከሁሉም ሾፌር ይልቅ እኔ ነኝ የምንከባከባት። አንድ ቀን ሳላጠጣት ከቤት ወጥቼ አላውቅም። በጋ ክረምት፣ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ጄሪካን።"

ይኼ የእሳቸው ብቻ ልማድ አይደለም። ጠዋት የጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ላይ ብትሄዱ ሾፌሩ ሁሉ ጄሪካን ይዞ ተሰልፎ ታያላችሁ፤ የከብት ገንዳ ነው የሚመስለው። ብዙ ያፈሰሰ ሰው ብዙ እንደተንከባከበ ይቆጠራል። ማንም "ትናንት የጨመርኩት የት ሄደ?" ብሎ አይጠይቅም። እኔ ግን ጠየቅኩ።

"ጋሼ፣ ትናንት የጠጣችው የት ሄደ?"

"እንዴት የት ሄደ? መኪና እንደ ከብት ነው፤ ይጠጣል።"

"ከብትማ ይሸናል። እሷ የት ነው የምትሸናው?"

አንድ ሚኒባስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። በዓይናቸው ሸኙት።

"ይተናል" አሉ በመጨረሻ።

"የተዘጋ ነገር ውስጥ ያለ ውሃ በየት በኩል ይተናል? ራዲያተር እኮ የታሸገ ነው። ደህና ከሆነ ወር ሙሉ ጠብታ አይጎድለውም። በየቀኑ ጎደለ ማለት ተጠማች ማለት አይደለም፤ እየደማች ነው ማለት ነው።"

"ይኼን ማን ነገረሽ?"

"አንዱን የፊዚክስ መምህራችን፣ አንዱን ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ፣ ሌላውን ደግሞ የራስዎ መጽሐፍ።"

"የምን መጽሐፍ?"

የመኪናዋን ኪስ ከፍቼ፣ ከደረሰኙና ከመሃረቡ ስር ከነላስቲኩ የተጠቀለለውን መመሪያ አወጣሁት። እንደ ጋብቻ ወረቀት ነው ያስቀመጡት፤ እሳቸው አንድም ገጽ አልገለጡም። ባለፈው ወር ሚስታቸውን እትዬን ገበያ ስናደርስ ወረፋ ሰልችቶኝ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

"ይሄ ለፋብሪካ ሰው ነው" አሉ።

"ለባለቤቱ ነው የተጻፈው። ሽፋኑ ላይ ይላል።"

አሁን ልክ ልካቸውን የነገርኳቸው መሰለኝና ተኩራራሁ። ሞተሩም በርዶ ስለነበር ተነስቼ "በዚህ ቱቦ ነው የሚፈሰው" ብዬ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ወፍራም ጥቁር ቱቦ በጣቴ ጠቆምኩ። በጨርቅ ጠረግኩት፣ ዳበስኩት፣ አጎንብሼ አየሁት። ደረቅ ነው። ሌላኛውንም አየሁ። እሱም ደረቅ።

ጋሼ በሳቅ ወደቁ። "አይ ፕሮፌሰሯ! መጽሐፉ ሌላ ገጽ የለውም?"

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ግን ካፈርኩ አይቀር ብዬ ክዳኑን ጨርቅ አድርጌ ቀስ ብዬ ፈታሁት። ስገለብጠው ከስሩ አራት እጥፍ የታጠፈ ሰማያዊ ፌስታል ወደቀ። ከፌስታሉ ጋር የደረቀ የላስቲክ ፍርፋሪ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ጋሼ አንገታቸውን አከኩ። "ይኼማ... ክዳኑ ላልቶብኝ ነው። ድሮ ነው፤ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ፌስታል ጠቅጥቄ አጠበቅኩት እኮ!"

"ከዚያ በፊት ምን ያህል ነበር የምትጠጣው?"

አሰቡ። በጣታቸው ቆጠሩ። "አይ... ያኔ እንደዚህ አልነበረም።"

"ጋሼ፣ የእትዬ ፕሬዠር ድስት የክዳኑ ላስቲክ ሲያልቅ ምን ሆነ?"

"ፉሽ ፉሽ እያለ ባቄላው እስከ ማታ አልበስል አለ።"

"እትዬ ድስቱን ሸጡት?"

"ለምን ብላ! ላስቲኩን ቀየረች እንጂ።"

"ይኸው ነው። ይኼ ክዳን ተራ ክዳን አይደለም። እንፋሎቱን አምቆ ሲይዘው ውሃው ቶሎ አይፈላም። ላስቲኩ ሲያልቅ ውሃው ገና ዳገቱ ሳያልቅ ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ ይጎድላል። እርስዎ ደግሞ ጠዋት ይሞሉታል።"

"ጓርኒሲዮኑስ?"

"እሱን እናያለን።" የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ አሳየኋቸው። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ውሃ ገብቶበት ቢሆን ወተት የነካው ሻይ ይመስል ነበር። እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፣ ውሃ ግን የለበትም።

"ጥቁር መሆኑማ ሥራ መሥራቱ ነው" አሉ በኩራት።

"የእርስዎ ሸሚዝ አንገቱ ሲጠቁር ሥራ ሠርቷል ብለን ሳናጥበው እንተወዋለን?"

"በቃ በቃ፣ ሩጪና ክዳኑን አምጪ!"

መለዋወጫ ሱቁ ከዳገቱ ስር ነው። አሮጌውን ክዳን እንደ ናሙና ይዤ ሄድኩ፤ ላዩ ላይ ቁጥር አለው፣ በቁጥሩ ነው የሚሸጠው። ሻጩ አገላብጦ አየውና "ክዳን ብቻ? ሰዉ ራዲያተሩን በሙሉ ነው የሚቀይረው" አለኝ። "እኛ ቆብ ስላረጀ ራስ አንቀይርም" አልኩት። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረውን፣ ዝገትና ቅርፊት የሚከላከለውን አረንጓዴ ፈሳሽም ገዛሁ።

ጋሼ ጠርሙሱን ሲያዩ "ባለ ቀለም ውሃ!" ብለው ጀመሩ። የራዲያተሩን አፍ አሳየኋቸው። የቧንቧ ውሃ ዙሪያውን ነጭ ቅርፊት ሠርቶበታል፣ ልክ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ። በጣታቸው ፋቁት፣ አሸተቱት፣ ጠርሙሱንም ራሳቸው ከፈቱት።

ሞላነውና ክዳኑን ሳንገጥም ሞተሩን አስነሳን። ጓርኒሲዮኑ ከተቃጠለ አረፋው አያቆምም ይላል መመሪያው። ወዲያው ቡል ቡል ማለት ጀመረ።

"ይኸው!" አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ውስጥ ድል የለም፤ ሐዘን ነው ያለው።

"ሲሞላ የገባ አየር ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ እንጠብቅ" አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴው ነበር የምነግረው። ሁለታችንም ራዲያተሩ ላይ ተደፍተን እንደ ጉድጓድ ቁልቁል አየነው። ቡል... ቡል። ቆይቶ አንድ። ቆይቶ ምንም። ውሃው ጸጥ አለ።

ጋሼ ቀስ ብለው ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

የጎደለውን ሞላን፣ አዲሱን ክዳን ገጠምን፣ ዳገቱን ከነአልጋዎቹ ወጣን። ጋሼ ከመንገዱ ይልቅ የሙቀት መለኪያውን ጌጅ ነበር የሚያዩት። "ጋሼ፣ ፊት ለፊት ሰው አለ!" እያልኩ ነው የደረስነው። ቀስቷ መሃል ላይ ቆመች፤ ዳገት ሆነ ቁልቁለት ንቅንቅ አላለችም። አልጋዎቹን አራግፈን መቆሚያው ስንደርስ፣ ከራዲያተሩ ጎን ያለችውን መጠባበቂያ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አዩዋት። ውሃዋ ክዳኑን ስንገጥም ምልክት ያደረግንበት መስመር ላይ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ገዢው መጣ፤ ቀልጣፋ፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ሰው።

"ጋሼ፣ ያቺን ድውይ ልውሰዳት?"

"አልሸጥም" አሉ ጋሼ።

"እንዴ! ሞተሯ ወድቋል ተብሎ የለ?"

"ክዳኗ ነበር የወደቀው። አንተስ፣ ያንተን መኪና በቀን ስንቴ ታጠጣታለህ?"

"ጠዋት ጠዋት ነዋ።"

ጋሼ እኔን አዩኝ። እኔም አየኋቸው። ሰውየው ምን እንዳሳቀን ሳይገባው ተቆጥቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ለመኪናዋ መድበዋል። ቀዝቃዛ ሞተር፣ የተከፈተ ኮፈን፣ ዘይቱ፣ ውሃው፣ የሞተሩ ቀበቶ ቺንጋው፣ የጎማው ንፋስ። ዘይቱን እኔና እሳቸው ቀየርነው፤ ፍሬኑን ግን አልነካንም፣ ፍሬን የባለሙያ ነው። ሐኪሙ ጋም ሄደዋል፤ ግን አሁን "ምን ሆነች?" ብለው አይገቡም። "ኮፈኑን ክፈት፣ ይኼን ይኼን እይልኝ" ብለው ነው። ሐኪሙም ሲጠየቅ የበለጠ ይጠነቀቃል። ነዳጅ ቀንሳለች፣ መንገድ ላይ አትቆምም፣ ቀጠሮ አይበላሽም፤ ፈርኒቸር ቤቶቹም "ጋሼን ጥሩልን" ይላሉ። ጋሼ ዛሬም አለቃ የለባቸውም።

ይኼ ሁሉ የመጣው በትልቅ ዕውቀት አይደለም። እኔ ገና ውጤቴን የምጠብቅ ልጅ ነኝ፤ ቱቦውንም አይታችኋል፣ ተሳስቼ ነበር። የመጣው "የት ሄደ?" ብሎ በመጠየቅና መልሱን ከፍቶ በማየት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መቆሚያው ላይ አንድ ወጣት ሾፌር ጄሪካኑን አንጠልጥሎ መጣ። ጋሼ ክንዱን ያዙትና መመሪያውን ከኪሳቸው አወጡ። ልጁ "ተዉኝ ጋሼ፣ አባቴም እንደዚህ ነበር የሚያደርገው" አላቸው።

"እኔም እንደ አባትህ ነበርኩ" አሉት። "በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው የተማርኩት። አንተ በሃያ አምስትህ ብትማረው ምን ይጎዳሃል? አስቀምጠው ያንን ጄሪካን፣ ናና እጅህን አቆሽሽ።"