እባክዎ ክፍል አራት ይግቡ

ውሃው ደህና ነው እቴ፣ ለብ ብሏል፤ እጅሽ ይባረክ። ፀጉሬን ጫፍ ጫፉን ብቻ ቁረጪልኝ። ይቅርታ አድርጊልኝና አንድ ነገር ላጫውትሽ ነው... እንደምታውቂኝ ሰው አላማም። ዛሬም ላመሰግን ነው የመጣሁት፤ ምስጋና ደግሞ ሆድ ውስጥ ሲቆይ ያማል። ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ያለችው አትሰማንም አይደል? ቢሆንም ድምፄን ዝቅ ላድርግ። የሰው ጉዳይ ነው።

አንድ ደግ ሰው አለ። ስሙን አልጠራም። ክሊኒክ ያስተዳድራል... በሰፈራችን ስንት ክሊኒክ አለ? አንድ ብቻ? እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ።

ታናሽ ወንድሜን ታውቂዋለሽ፤ ዓይኑ የማያየውን፣ ዳቦ ቤት ሊጥ የሚያድቦለብለውን። ክሊኒኩ ተራ የሚጠራው ግድግዳ ላይ በሚበራ ቁጥር ነበር። ወንድሜ ተራው እያለፈ ሲሰለቸው፣ «ሲደርሰኝ አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ ቢያደርገኝስ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ትከሻውን አስነክቶ ይገላገል ነበር። የኛ ደግ ሰው ግን ትንሽ ነገር መቼ ይወዳል? የሚናገር ማሽን አስመጣ። በምረቃው ቀን ሪባኑን ወንድሜን አስይዞ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው እስካሁን በሩ ላይ ነው፣ «የአካል ጉዳተኞች መብት በተግባር» ይላል። ወንድሜ እንዴት ወጣሁ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ሰውየው አምሮበታል አልኩት።

ማሽኗ ደግሞ ጨዋ ናት። ዓይን ላለው ቁጥሩን አብርታ ዝም ትላለች። ወንድሜን ግን ስሙን ከነአባቱ ትጠራና፣ «ማየት የተሳናቸው ደንበኛችን፣ የሚጥል በሽታ ክትትል፣ እባክዎ ክፍል አራት ይግቡ» ትላለች። ያልሰማ እንዳይቀር ትደግመዋለች። እናታችን እንኳ አፏን ሞልታ ጠርታው የማታውቀውን በሽታ... እንዴት ያለ የጠራ ድምፅ መሰለሽ!

አትሳቂ እንጂ፣ መቀሱ ጆሮዬ ሥር ነው።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ለካ ጥርሱን ሊያስነቅል ጉንጩን ይዞ እዚያው ተቀምጧል። ሰው ጥርሱን እያመመው ለሌላው ሲያስብ አይተሽ ታውቂያለሽ? በማግሥቱ ወንድሜን፣ ለደኅንነትህ ስል ቤትህ እረፍ አለው። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ እንኳን ሊጥለው አደናቅፎትም አያውቅም፤ ምድጃውም ያለው ሌላ ክፍል ነው። ብቻ አረፈ። አሁን ባዶ ጠረጴዛ ላይ እጁን እያሽከረከረ ይውላል... ሊጥ ያለ ይመስል።

ሄዶ ለደጉ ሰው አቤት አለ። ማሽኗ ቁጥሬን ብቻ ትጥራ፣ ለባለቤቱም መሥራት እንደምችል ሐኪሙ ይንገርልኝ ነው ያለው። ሰውየው መጀመሪያ ተነሥቶ በሩን ዘጋ አሉ፤ የግል ጉዳይ ነዋ! ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ማሽኑ የመጣው ለእናንተው መብት ነው። ስንሰጣችሁም ታማርራላችሁ?» አለው። ስለ ሐኪሙ ሲጠይቀውማ፣ የታካሚን ምሥጢር ለአሠሪ አንናገርም አለ። እንዲህ ያለ ምሥጢር ጠባቂ ከየት ይገኛል?

ደግሞ ትሕትናው! ራሱ ሲያመው ለድሃ ተራ ላለመሻማት ይሁን ምን፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ማዶ ሰፈር ነው የሚታከመው አሉ። ምኑን እንደሆነ እኔ የት አውቄ... ማሽን አልነገረኝ።

ወንድም ያለው ሰው ይህ ይገባዋል። አንቺም አንድ አለሽ፤ ሥራ አስኪያጅ ቢሆንም ወንድም ወንድም ነው።

ብቻ ለዚያ ደግ ሰው ዕድሜ ይስጠው። እርጅናውን ያሳምርለት፣ ለሕክምናም ማዶ ድረስ አያንከራትተው፤ እዚሁ ክሊኒኩ ይታከም። ማሽኗንም እስከዚያ ያቆይልንና፣ አዳራሹ ጢም ባለበት ቀን ስሙን ከነአባቱ፣ መነጽር የሚያስደርገውንም ነገር ሳታጎድል፣ በዚያ በጠራ ድምፅዋ ትጥራልን። ወንድሜም አጠገቡ ይቀመጥ፤ ደጉ ሰው ተራው ሲደርስ ትከሻውን ነካ የሚያደርገው አይጣ።

አሜን በይ እንጂ እቴ። ወንድምሽን ሰላም በይልኝ። ይቺ ወሬ ግን ካንቺ አትለፍ... እኛ እንደሆን ማሽን አይደለን።